ክንፍ ላይ የሚጋገር በረዶ፦ የትናንሽ አውሮፕላን አብራሪዎች ዝምተኛ ጠላት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 20 ቀን 2011 ረፋድ ላይ አንዲት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት ከሚገኘው የቴተርቦሮ አየር ማረፊያ ተነሥታ ወደ አትላንታ አቀናች። ቲቢኤም 700 የተባለች ፈረንሳይ ሠራሽ አውሮፕላን ናት። ከክንፎቿ ላይ በረዶ የሚያራግፍ መሣሪያ ተገጥሞላታል። አምስት ሰዎችን አሳፍራ ነበር፤ ሁለቱ ልጆች ናቸው።

የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ከፊት ለፊት ባለው ዳመና ውስጥ፣ ከ15 ሺህ እስከ 17 ሺህ ጫማ ባለው ከፍታ ላይ፣ መካከለኛ የበረዶ ክምችት እንዳለ ለአብራሪው አሳወቀው። አብራሪው እዚያ ሲደርስ ያለውን ሁኔታ እንደሚናገር፣ በቀጥታ አቋርጦ ለማለፍ ግን ችግር እንደማይሆንበት መለሰ። ከተነሣች ሩብ ሰዓት ገደማ በኋላ አውሮፕላኗ ከቁጥጥር ውጭ ሆና እየተሽከረከረች ቁልቁል ወረደች፤ አየር ላይ ሳለች አካሏ ተሰባበረ፤ በሞሪስታውን ከተማ አቅራቢያ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይም ወደቀች። ከተሳፋሪዎቹ አንድም የተረፈ የለም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ (ኤንቲኤስቢ) ጉዳዩን መርምሮ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ በምክንያትነት አስቀመጠ። አንደኛው በትንበያ ያልተገለጸና በፍጥነት የሚከማች ብርቱ በረዶ ነው። ሁለተኛው አብራሪው በአዛዥነት ሥልጣኑ ተጠቅሞ ከዚያ አየር በፍጥነት አለመውጣቱ ነው።

በሚኒያፖሊስ፣ በቶሮንቶ ወይም በስቶክሆልም የሚኖር ሰው በብርድ ወራት ሲበር አንድ ትዕይንት ሳያይ አይቀርም። ትልልቅ መኪኖች አውሮፕላኑን ከብበው ብርቱካናማ፣ ቀጥሎም አረንጓዴ ፈሳሽ ይረጩበታል፤ ተሳፋሪውም በመዘግየቱ ያጉረመርማል። ለመንገደኛው ያ የሃያ ደቂቃ መሰልቸት ነው። ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን ብቻውን ለሚያበር ሰው ግን ይኸው ነገር በሕይወትና በሞት መካከል ያለ ጉዳይ ነው።

ከዜሮ በታች የማይረጋ ውሃ

አማርኛ "በረዶ" በሚለው አንድ ቃል ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር፣ እንደ ጥጥ የሚረግፈውን ብናኝና በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውን ውሃ አንድ ላይ ይጠራል። ለዕለት ንግግር ይህ አያውክም፤ ለአብራሪ ግን ልዩነቱ ብዙ ነው። ደረቅ የበረዶ ብናኝ ክንፉን ነክቶ ነጥሮ ይሄዳል፤ አብዛኛውን ጊዜም አይጣበቅም። የሚያሰጋው ገና በረዶ ያልሆነው ነው።

ውሃ በዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ይረጋል ብለን በትምህርት ቤት ተምረናል። በዳመና ውስጥ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። አንዲት ጥቃቅን ጠብታ ለመርጋት የምትነሣበት ጠጣር ነገር ትፈልጋለች፤ የአቧራ ቅንጣት ወይም ሌላ የበረዶ ፍሬ ሊሆን ይችላል። ያንን ካላገኘች ከዜሮ በታች 10፣ 20፣ አንዳንዴም እስከ 40 ዲግሪ ገደማ እየቀዘቀዘች ፈሳሽ እንደሆነች ትቆያለች። የሚያልፍ አውሮፕላን ሲገጫት ግን የምትፈልገውን ጠጣር ነገር አገኘች ማለት ነው፤ እዚያው ክንፉ ላይ ትረጋለች።

በኢትዮጵያ ደጋ በክረምት የሚወርደው የበረዶ ጠጠርም ከዚሁ ውሃ የተሠራ ነው። በነጎድጓዳማ ዳመና ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚናጠው ፍሬ እነዚህን የቀዘቀዙ ጠብታዎች በላዩ ላይ እየደራረበ ይወፍራል። የአውሮፕላን ክንፍ በዚያ ዳመና ውስጥ ሲያልፍ የሚገጥመው ዕጣ ከጠጠሩ ዕጣ ብዙም አይለይም።

አደጋው የሚበረታው ከዜሮ እስከ 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ባለው የሙቀት መጠን ውስጥ ነው። ከዚያ በታች አብዛኛው ውሃ አስቀድሞ ወደ በረዶ ስለሚለወጥ የሚጣበቀው እያነሰ ይሄዳል።

የሚጋገረውም በረዶ አንድ ዓይነት አይደለም። ጠብታዎቹ ደቃቅ፣ አየሩም በጣም ቀዝቃዛ ሲሆን ክንፉን እንደነኩ ወዲያው ይረጋሉ፤ በመካከላቸው አየር ስለሚያስቀሩ መልኩ ወተት ይመስላል፤ ሲዳስሱት ሻካራ ነው። ጠብታዎቹ ተለቅ ያሉ፣ አየሩም ወደ ዜሮ የቀረበ ሲሆን ግን ውሃው በአንድ ጊዜ አይረጋም። አንዱ ክፍል ሲረጋ የሚያወጣው ሙቀት የቀረውን ስለሚያዘገየው ውሃው በክንፉ ላይ ወደ ኋላ ይፈሳል፤ ከዚያም እንደ መስታወት ግልጽ፣ ከባድና ለማራገፍ አስቸጋሪ ሆኖ ይጠነክራል። አብራሪዎች ይበልጥ የሚፈሩት ይህንን ነው፤ አንዱ ምክንያት በመስኮት በኩል ሲያዩት ክንፉ እርጥብ ብቻ መስሎ መታየቱ ነው።

ክብደቱ አይደለም ችግሩ

ብዙ ሰው በረዶ አውሮፕላንን የሚጥለው በክብደቱ ይመስለዋል። ክብደት የራሱ ድርሻ አለው፤ ዋናው ግን እርሱ አይደለም። ዋናው ጉዳት የክንፉ ቅርጽ መበላሸቱ ነው።

ክንፍ አውሮፕላንን የሚያነሣው አየሩ በላዩ ላይ ተጣብቆ፣ ለስላሳ መስመር ይዞ ሲያልፍ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) ለአብራሪዎች በሚሰጠው ትምህርት እንደሚገልጸው፣ በክንፍ የፊት ጠርዝና የላይኛው ገጽ ላይ ያለ በረዶ፣ ውፍረቱና ሻካራነቱ ከአንድ ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት የማይበልጥ እንኳ ቢሆን፣ የማንሣት ኃይሉን እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ፣ አየሩ ወደ ኋላ የሚጎትትበትንም ኃይል እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል።

አብራሪው ይህን በሁለት መንገድ ያየዋል። መጀመሪያ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ሞተሩን ቢጨምርም የሚገኘው ለውጥ ትንሽ ነው። ከፍታውን ለመጠበቅ አፍንጫውን ቀና ሲያደርግ ደግሞ የአውሮፕላኑ ሆድ ለጠብታዎቹ ይጋለጥና በዚያም ይጋገራል። ሁለተኛው የከፋ ነው። ጤነኛ ክንፍ አየሩን እስከ 15 ዲግሪ ገደማ ቀና ብሎ ሲገጥም ማንሣቱን ይቀጥላል፤ ከዚያ ሲያልፍ አየሩ ከገጹ ይላቀቅና ክንፉ ማንሣቱን ያቆማል። ይህን አብራሪዎች "ስቶል" ይሉታል። በረዶ የያዘ ክንፍ እዚህ ደረጃ ላይ የሚደርሰው በጣም ቀድሞና በከፍተኛ ፍጥነት እየበረረ ሳለ ነው። በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የማስጠንቀቂያ ድምፅ ደግሞ ለንጹሕ ክንፍ የተለካ ስለሆነ ሳይጮህ ሊቀር ይችላል።

ትንሽ አውሮፕላን ለዚህ ይበልጥ የሚጋለጠው ለምንድን ነው? ነገሩ መጀመሪያ እንግዳ ይመስላል፤ ቀጭን ነገር ከወፍራም ይልቅ በፍጥነት በረዶ ይይዛል። ወፍራም ክንፍ ከፊቱ ያለውን አየር ቀድሞ ስለሚገፋ ጠብታዎቹ ከአየሩ ጋር ዞረው ያልፋሉ፤ በቀጭኑ ላይ ግን ቀጥ ብለው ይጋጫሉ። ስለዚህ አንቴና፣ የሙቀት መለኪያ ዘንግና ጅራት ቀዳሚ ተጠቂዎች ናቸው። በዚያ ላይ ትልቁ ጄት ከሞተሩ ሙቅ አየር ስቦ ክንፉን ያሞቃል፤ በረዶ የሚበዛበትንም ከፍታ በደቂቃዎች ውስጥ ሰንጥቆ ያልፋል። ትንሿ አውሮፕላን በዚያው ከፍታ ላይ ውላ ትገባለች፤ ተርፎ ለመውጣት የሚያስችል ትርፍ ጉልበትም የላትም።

የሮዝላውን ትምህርት

ስለዚህ አደጋ ያለውን ዕውቀት ከመሠረቱ የለወጠው ክስተት የደረሰው በትንሽ ሳይሆን መካከለኛ መጠን ባለው የመንገደኞች አውሮፕላን ላይ ነው። ኦክቶበር 31 ቀን 1994 ከኢንዲያናፖሊስ ወደ ቺካጎ የሚበር ኤቲአር 72 አውሮፕላን የቺካጎ አየር ማረፊያ ስለተጨናነቀ ተራውን እስኪያገኝ አየር ላይ እየዞረ እንዲጠብቅ ታዘዘ። ከግማሽ ሰዓት በላይ በዳመና ውስጥ ዞረ። በዚያ ዳመና ውስጥ የነበሩት ጠብታዎች ግን የተለመዱት አልነበሩም።

ተራ የዳመና ጠብታ ከሰው ፀጉር ውፍረት ያንሳል፤ ስፋቱም ከ50 ማይክሮን በታች ነው። የበረዶ መከላከያ መሣሪያዎች የተሠሩትና ፈቃድ የሚሰጥባቸው መመዘኛዎች የወጡትም ይህን መጠን በማሰብ ነበር። በዚያን ዕለት የነበረው ግን ቀዝቃዛ ካፊያ ነው፤ ጠብታዎቹ ከተለመደው በብዙ እጥፍ ይተልቃሉ። እንዲህ ያለ ጠብታ ክንፉን ሲመታ ከፊት ጠርዝ አልፎ ወደ ኋላ ይፈሳል፤ በረዶ የሚያራግፈው ጎማ በማይደርስበት ስፍራም ይረጋል። በአውሮፕላኑ ክንፍ ላይም ልክ ከጎማው በስተኋላ እንደ እርከን ያለ ግግር ተሠራ።

አውሮፕላኑን ይዞ የነበረው ኦቶፓይለት ነው። ሠራተኞቹ ዝቅ እንዲሉ ተፈቅዶላቸው ፍላፑን ሲመልሱ ክንፉ አየሩን የሚገጥምበት ማዕዘን ጨመረ፤ ከግግሩ ኋላ የተላቀቀው አየር ክንፉ ጫፍ ያለውን መሪ በራሱ ኃይል ነጠቀው፤ ኦቶፓይለቱም በድንገት ለቀቀ። አውሮፕላኑ ተገልብጦ ኢንዲያና ግዛት ሮዝላውን አቅራቢያ ባለ የአኩሪ አተር ማሳ ላይ ተከሰከሰ፤ 68ቱም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች አለቁ።

ከዚያ በኋላ የአውሮፕላኑ ጎማዎች ወደ ኋላ እንዲሰፉ ተደረገ፤ አብራሪዎችም በበረዶ ውስጥ ሲሆኑ ኦቶፓይለቱን እያላቀቁ መሪውን በእጃቸው እንዲፈትሹ ምክር ተሰጠ። ማሽን ችግሩን ዝም ብሎ ሲሸከም ቆይቶ በመጨረሻው ሰከንድ ለሰው ያስረክባልና። የመመዘኛው ለውጥ ግን ጊዜ ወሰደ፤ ኤፍኤኤ ለትላልቅ ጠብታዎች የተለየ መስፈርት ያወጣው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2014 ነው። ሕግ አውጪዎች በዚህ ረገድ ፈጣን ነበሩ ማለት ያስቸግራል።

ጉዳዩም አልተዘጋም። ኦገስት 9 ቀን 2024 በብራዚል ሳኦ ፓውሎ ግዛት ቪንየዶ ከተማ የወደቀውና 62 ሰዎች የሞቱበት አውሮፕላንም ኤቲአር 72 ነበር። የብራዚል መርማሪዎች ባወጡት የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት አውሮፕላኑ ብርቱ የበረዶ ክምችት በተተነበየበት ክልል ውስጥ ይበር እንደነበር ገልጸዋል።

በሌላ በኩል፣ በብርድ የደረሰ አደጋ ሁሉ የበረዶ ሥራ አይደለም። በፌብሩዋሪ 2009 በቡፋሎ ኒው ዮርክ አቅራቢያ 50 ሰዎች የሞቱበት የኮልጋን አደጋ መጀመሪያ ላይ በበረዶ ተሳቦ ነበር። ምርመራው ሲጠናቀቅ ግን በረዶው የነበረው ተጽዕኖ አነስተኛ እንደነበርና ዋናው ምክንያት አዛዡ ለስቶል ማስጠንቀቂያ የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ መሆኑ ታወቀ።

መሣሪያው ምን ያህል ይረዳል?

በክንፍ ጠርዝ ላይ የሚገጠመው በአየር የሚነፋ ጎማ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ አክሮን ከተማ፣ በጉድሪች ኩባንያ የተሠራ የቆየ ፈጠራ ነው። ጎማው ሲነፋ በላዩ ያለው በረዶ ተሰንጥቆ ይራገፋል። ለዐሥርተ ዓመታት አብራሪዎች በረዶው በቂ ውፍረት እስኪይዝ ጎማውን እንዳይነፉ ይመከሩ ነበር፤ ቀድመው ከነፉት በረዶው በተነፋው ጎማ ቅርጽ ላይ እንደ ቅርፊት ይጠነክርና ከዚያ ወዲያ ጎማው ከሥር በከንቱ ይነፋል ተብሎ ይፈራ ነበር። በዘመናዊ ጎማዎች ላይ ይህ እንደማይከሰት ታይቷል። ኤንቲኤስቢ በ2008 ባወጣው ማሳሰቢያ አብራሪዎች በረዶ ውስጥ እንደገቡ ወዲያው ጎማውን እንዲያስነሡ ጠይቋል። ያም ሆኖ የቀድሞው ምክር ከአስተማሪ ወደ ተማሪ ሲወራረስ ኖሯል።

ሌላው ዘዴ በእንግሊዝ አገር የተገኘ ነው። ክንፉ ጠርዝ ላይ በዓይን በማይለዩ ቀዳዳዎች በኩል በረዶ የሚከለክል ፈሳሽ ያልበዋል። ሲረስ ኤስአር22ን በመሳሰሉ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች ላይ ይገኛል። ጥሩ ይሠራል፤ ፈሳሹ ሲያልቅ ግን ሥራውም ያልቃል።

ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት፣ እንደ ሴስና 172 ያሉት፣ አብዛኛው ሰው በረራ የሚማርባቸው አውሮፕላኖች በረዶ ባለበት አየር ለመብረር ፈቃድ የሌላቸው መሆኑ ነው። የፍጥነት መለኪያ ቱቦን የሚያሞቅ መሣሪያ ስላላቸው ብቻ ክንፋቸው ተጠብቋል ማለት አይደለም። ፈቃድ ያላቸውም ቢሆኑ የተፈቀደላቸው ለማለፍ እንጂ ለመቆየት አይደለም፤ የኒው ጀርሲዋ አውሮፕላን ከእነዚህ አንዷ ነበረች።

ሞቃት ቀን ላይ የሚሠራ በረዶ

ይህን ሲያነብ የኢትዮጵያ አብራሪን አይመለከተውም የሚል ይኖር ይሆናል። ስለ ክንፍ ከሆነ ብዙም አልተሳሳተም። ከምድር ወገብ አቅራቢያ የዜሮ ዲግሪ መስመር ከባሕር ወለል በላይ 5 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ከራስ ዳሽን ጫፍም ይበልጣል፤ ተራ ትንሽ አውሮፕላን እዚያ ድረስ እምብዛም አይወጣም።

የካርቡሬተር በረዶ ግን ድንበር አያውቅም። ካርቡሬተር ባለው ሞተር ውስጥ አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍና ቤንዚኑ ሲተን የሙቀት መጠኑ በአንድ ጊዜ ከ30 ዲግሪ በላይ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ውጭው 20 ዲግሪ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ሆኖ ሳለ፣ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ጉሮሮው ላይ ረግቶ ሞተሩን ሊያንቀው ይችላል። የሐምሌና የነሐሴ የአዲስ አበባ አየር፣ ቀዝቀዝ ያለና በእርጥበት የጠገበ፣ ልክ ለዚህ የተመቸ ነው። ይበልጥ የሚያሰጋው ለማረፍ ሲወረድ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ጉልበት በሚሠራበት ጊዜ ነው።

መድኃኒቱ ሙቅ አየር የሚያስገባውን እጀታ መሳብ ነው። እዚህ ላይ ግን የሚያሳስት ነገር አለ፤ በረዶው ቀልጦ ውሃው ወደ ሞተሩ ሲገባ ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ይበልጥ ይንገጫገጫል። ልምድ የሌለው አብራሪ ነገሩን ያባባሰ መስሎት እጀታውን ይመልሰዋል። ታግሶ መቆየት ይኖርበታል።

ከመነሣት በፊትና ከገቡ በኋላ

ሌሊት ውጭ ባደረ አውሮፕላን ላይ ያለ ስስ አመዳይም ከቁጥር የሚገባ ነው። በአሜሪካ አመዳዩን በጨርቅ አለስልሶ መነሣት ለአንዳንድ በረራዎች ለዓመታት ተፈቅዶ ኖሯል፤ ይህ የተሻረው በ2010 መጀመሪያ ነው። ሙቅ ውሃ ማፍሰስም አይበጅም፤ ውሃው በመሪዎቹ ማጠፊያ ውስጥ ገብቶ ተመልሶ ይረጋል። በትልልቅ አየር ማረፊያዎች የሚረጨው ወፍራሙ አረንጓዴ ፈሳሽ ደግሞ አውሮፕላኑ በከፍተኛ ፍጥነት ሲንደረደር ከክንፉ እንዲወርድ የተሠራ ስለሆነ ለዘገምተኛ ትንሽ አውሮፕላን አይሆንም።

አየር ላይ በረዶ የገጠመው አብራሪ ያሉት አማራጮች ጥቂት ናቸው። ወደ መጣበት መመለስ፣ ምድሩ ከፈቀደ ወደ ሞቃቱ አየር መውረድ፣ ወይም ገና ጉልበት ሳለ ከዳመናው በላይ መውጣት ነው። በረዷማ ዝናብ ውስጥ ከገባ ከበላዩ ሞቃት አየር አለ ማለት ነው፤ ዝናቡ የቀለጠው እዚያ ነውና። ከእነዚህ የቱንም ቢመርጥ ዋናው ነገር ቶሎ ማድረጉ ነው፤ አምስት ደቂቃ የጠበቀ አውሮፕላን የመውጣት አቅሙን ሊያጣ ይችላል።

በረዶ ይዞ ማረፍም የራሱ ጥበብ አለው። ፍጥነት ከወትሮው ጨመር ይደረጋል፤ ረጅም ማኮብኮቢያ ይመረጣል፤ ፍላፕም በተቻለ መጠን ይቆጠባል። የመጨረሻው ምክንያት ጅራቱ ነው። በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች ጅራት ሚዛን የሚጠብቀው ወደ ታች በመግፋት ነው፤ ፍላፕ ሲወርድ ሸክሙ ይጨምርበታል። በረዶ የያዘ ጅራት በዚያች ቅጽበት ሊለቅና አፍንጫውን ወደ መሬት ሊደፋው ይችላል። መፍትሔውም ከተለመደው የክንፍ ስቶል መፍትሔ ተቃራኒ ነው፤ ፍላፑን መመለስና መሪውን ወደ ራስ መሳብ። ሁለቱን ያምታታ አብራሪ መሬት በቀረበችበት ከፍታ ላይ ስሕተቱን የሚያርምበት ጊዜ አይኖረውም።

የኒው ጀርሲው አብራሪ በመጨረሻዎቹ ጊዜያት ከፍታ እንዲጨመርለት ተቆጣጣሪውን ጠይቆ ነበር። ተቆጣጣሪው ከሌላ ክፍል ጋር መነጋገር ነበረበትና ፈቃዱ እስኪመጣ ጥቂት ጊዜ አለፈ። የአሜሪካ የበረራ ሕግ አስቸኳይ አደጋ የገጠመው አዛዥ አብራሪ ለደኅንነቱ በሚያስፈልገው መጠን ከማንኛውም የበረራ ደንብ እንዲወጣ ይፈቅዳል፤ አስቸኳይ ሁኔታ መኖሩን ቢናገር ሰማዩ ይለቀቅለት ነበር። አልተናገረም።